ጎረቤት ሲጠየቅ

"ኢክላስ! ያንን የቤት ቀሚስ ቀይሪው እንጂ፤ ሰው መጥቶ የለ!" አለች ረቢአ፣ ድምፅዋን ወደ ጓዳ ወርውራ ፈገግታዋን ወደ በሩ ልካ።

በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ፊት የቆመችው ወፈር ያለች ናት፤ ትንፋሿን እየሰበሰበች ስኳር ያለበት ፌስታል አንጠልጥላለች። ከኋላዋ ያለችው ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ይለካል።

"አካም ቡልታን? እንዴት አደራችሁ? ግቡ፣ ግቡ እንጂ። መንገዱ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው?"

"ነጋ፣ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ወፍራሟ። "አሻ እባላለሁ፤ ከሰንበቴ ከተማ ነን። እንዲህ በጠዋት ስንመጣብሽ አውፍ በይን፤ ለኒካህ ጉዳይ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ረቢአ ሌላ ቃል አልሰማችም። ኢክላስ ከጤና ኮሌጅ ከተመረቀች ወራት አልፈዋል። ጥቁር ካባዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ቡፌው ላይ ቆሞ የገባውን የወጣውን ሁሉ ያያል፤ ፎቶውን ብሎ የመጣ ሰው ግን እስካሁን የለም። የአገሩን ሥርዓት ደግሞ ረቢአ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ሴቶች መጥተው ቤቱንም ልጅቱንም በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ ሽማግሌ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ ካሉት መከዳዎች ያልተቀደዱት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ለእንግዶቹ አቀረበች። ለስላሳ አስመጣች። ኢክላስ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ግን የዒድ ሳታደርገው ወጣችና ሰላም ብላ ተመልሳ ጓዳ ገባች።

"ማሻ አላህ" አሉ ሴቶቹ ለወጉ።

"ወላሂ እናቷ ስለሆንኩ አይደለም" ብላ ጀመረች ረቢአ። "ሶላቷን አታሳልፍም። መርፌ ስትወጋ እጇ አይከብድም፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በሷ ነው የሚወጋው። ብቻ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቅልፍ ትወዳለች። ወጥ ላይም ጨው ታበዛለች። ኋላ ሳትነግረን እንዳትሉኝ።"

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ወይም ተወረወረ።

አሻ የለስላሳውን ጠርሙስ ከከንፈሯ አወረደች። "እታለም፣ ኧረ ሳንግባባ ቀረን መሰለኝ። እኛ እንኳ ሴት ልጅ ነው ያለችን። ይህች እህቴ ዘሊካ ናት። ልጇን ሰልማን ያንቺ ጎረቤት ጠይቋታል፤ የፋጡሜ ልጅ፣ ሙጂብ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደዋል። መልስ ከመስጠታችን በፊት ጎረቤት እንጠይቅ ብለን ነው።"

ከጓዳው የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ረቢአም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ አለቀባት።

እዚህ አገር ልጅ ከመስጠት በፊት ጎረቤት ይጠየቃል። የተጠየቀው ሰውም ያየውን ይናገራል። ለኒካህ ተጠይቆ ያወቁትን መናገር ሐሜት አይባልም፤ አላህ ዘንድ የሚያስጠይቀው መደበቁ ነው ይላሉ ሼሆቹ። ረቢአ በዚህ በኩል የሰፈሩ የታወቀች ምላስ ናት። ስንቱን ሰርግ አቅንታለች፤ አንዱንም ከነድንኳኑ አስነቅላለች። ያኔ ሁሉ ግን ስሙ የተነሳው ሰው ራቅ ያለ ጎረቤት ነበር። የፋጡሜ ቤትና የሷ ቤት የሚለያዩት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን መሐሉ ተቀድዶ ወንፊትና መጥረቢያ ይተላለፍበታል።

"በአማና ነው የምንጠይቅሽ" አለች አሻ። ይህን ስትል ዓይኗ ቡፌው ላይ አረፈ። "እሰይ፣ አንቺማ ጽፈሽ ለጥፈሽዋል!"

ከኢክላስ ፎቶ አጠገብ አረንጓዴ ካርቶን ተለጥፏል። በላዩ በትልልቅ ፊደል "አማና" ተብሎ ተጽፏል።

የካርቶኑ ነገር እንዲህ ነው። በቅርቡ የሴቶች ማኅበራቸው ሥልጠና ተሰጥቶት ነበር። አሠልጣኙ ነጭ ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። "ዛሬ የግል እሴታችንን እንለያለን፤ ምንም ቢመጣ የማንለቀው ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ለሁሉም ቀለም ቀለም ያለው ካርቶን አደለ። አንዷ "ልጆቼ" ብላ ጻፈች፤ ሌላዋ "ሰላም"፤ አንዷ ደግሞ "አበሉ መቼ ነው የሚከፈለው" ብላ ጻፈች። ረቢአ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የምትጨብጠው ለፊርማ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን ሳታቅማማ "አማና" ብላ ጻፈች። የተሰጣትን አደራ በልታ አታውቅም፤ ይህን ማንም ያውቃል። አሠልጣኙ አስጨበጨበላትና "ይኸው፣ እሴቷን ለይታለች! አሁን የቀረው በእሱ መኖር ብቻ ነው" አለ። ብቻ! ልጁ ገና ጎረቤት አልኖረውም ይሆናል።

"ጠባዩ እንዴት ነው?" አለች አሻ።

"ወርቅ ነው። ወላሂ ወርቅ።"

"ሶላትስ?"

"ከሱ ቀድሞ መስጊድ የሚደርስ አዛን የሚያደርገው ሰውዬ ብቻ ነው።"

"እጁስ? ዛሬ ጊዜ ሴት የሚማታ በዝቷል።"

"እሱ ዶሮ ሲያርድ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቃት ነው የሚመስለው።"

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ረቢአ እየተናገረች በሆዷ "በዚሁ ያብቃ፣ ያ ረቢ፣ በዚሁ ያብቃ" ትላለች።

ወዲያው የራሱ የሙጂብ ድምፅ ከግቢው መጣ። "እማ ረቢአ! ውኃ መጥታለች፤ በርሜልሽን ልሙላው?" በትከሻው ቱቦ ተሸክሞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ የረቢአን በርሜል ሳይሞላ የእናቱን አይነካም፤ የረቢአ ባል ሸምሱ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍ ነው የሚውለው። ሙጂብ እንግዶቹን ሲያይ ቆም አለ። አወቃቸው። ቱቦውን አውርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ "አካም ጂርቱ?" ብሎ ሰላም አላቸው። ከዚያም ረቢአን አየት አድርጎ ወደ በርሜሉ ሄደ። ያቺ አየት ማለቱ ባትኖር ይሻላት ነበር።

ዘሊካ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ልጁ ያምራል፤ እናት ደግሞ ዓይን አላት።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች አሻ፣ ጠጋ ብላ። "ባጃጅ ይነዳ ነበር አሉን። ደህና ገቢ ያለውን ሥራ ትቶ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ለምን ተወው?"

ረቢአ ታውቃታለች፣ ያቺን ምክንያት። በረመዳን፣ ፆም ሊፈታ ሲል፣ ሙጂብ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ እዚያ በርሜል አጠገብ ወድቆ ተንፈራገጠ። ረቢአ መጀመሪያ ፆሙ ጎድቶት መስሏት ነበር። ጭንቅላቱ ድንጋይ እንዳይመታው ጭኗ ላይ ይዛው ቆየች፤ አረፋውን በሻርፗ ጠረገችለት። ፋጡሜ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ ሮጣ መጣች። ለካ የመጀመሪያው አልነበረም። ያኔ ነው እጇን ይዛ "ረቢአ፣ ይህ ነገር በአማና ካንቺ ጋር ይቀመጥ፤ ለሸምሱም ቢሆን እንዳትነግሪ" ያለቻት። ረቢአም ማለች። ለሸምሱም አልነገረችም። ፋጡሜ ከዚያ ወዲህ "ለደም ግፊቴ" እያለች ደሴ እየተመላለሰች የልጇን ኪኒን ታመጣለች። ልጁም በገዛ ፈቃዱ የባጃጁን ቁልፍ ሰቀለ፤ "ሰው ጭኜ አልወድቅም" ብሎ።

"ስልክ ይሻላል ብሎ ነው" አለች ረቢአ።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ምላሷ ላይ እንዳልበሰለ ማሽላ ተንከባለለ።

አሻ ራሷን ነቀነቀች። ልትነሳ መከዳውን ተደገፈች። ያን ጊዜ ነው ዘሊካ አፏን የከፈተችው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።

"አንቺ ብትሆኚ ትሰጪው ነበር? ልጅሽን?"

ከውጭ ውኃው በርሜሉ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ከጓዳው ምንም አይሰማም፤ ኢክላስም እየጠበቀች ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ሙጂብ ከወደቀ በኋላ፣ ፋጡሜ ይህንኑ ነገር እንደ ቀልድ ጣል አድርጋው ነበር። "ኢክላስን ለሙጂብ ብናደርጋት አጥሩን እናፈርሰው ነበር" አለች፣ ሁለቱ ልብስ ሲያጥቡ። ረቢአም እንደ ቀልድ "ትማር እንጂ፤ መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ" ብላ የሳሙናውን አረፋ ገፋች። ፋጡሜ ዳግመኛ አላነሳችውም። ለምረቃው ቀን ሙክት ይዛ መጣች፣ እልልታዋም ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

"የኔ እኮ..." አለች ረቢአ። "የኔ ገና ተማሪ ናት።"

ዘሊካ ፎቶውን አየች። ካባውን አየች። ረቢአን አየች።

ረቢአ ፊቷ ሲግል ታወቃት። ልታስተካክለው ብላ "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው። የቀረውን እናቱን ጠይቁ" አለች።

"የቀረ አለ ማለት ነው?" አለች አሻ።

እንግዲህ አበላሸችው። አልተናገረችም፤ አልደበቀችምም። ሁለት አማና በሁለት እጇ ይዛ ሁለቱንም አንጠባጠበች።

"ዛሬ እናቱ ዘንድ አንገባም" አለች አሻ ስትወጣ። "ጁምዓ እንመለሳለን። እስከዚያ አስቢበት፣ እታለም። ልጅ ነው የምንሰጠው፤ ፍየል አይደለም።"

ስኳሩን ጥለውላት ሄዱ። ባጃጅ ጠርተው ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ረቢአ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። የማታውቃት ሰልማም አብራቸው የሄደች መሰላት። ፊቷን አታውቀው፤ ግን አንድ ቀን ማታ፣ ብቻዋን፣ ባሏ ሲወድቅባት የምትጮኸውን ጩኸት ከወዲሁ ሰማችው። ጭንቅላቱን መያዝ እንዳለባት ማን ነገራት?

ዞር ስትል በርሜሉ ሞልቶ በጠርዙ ይፈስሳል። ሙጂብ ቱቦውን እንደያዘ ደርቆ ቆሟል።

"ሙጂብ!" ብላ ሮጠች። ክንዱን ያዘችው። "ቁጭ በል፣ ቁጭ በል!"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እማ ረቢአ። እያሰብኩ ነው።" ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። "እናንተ እኮ ሰው ቆሞ እንዲያስብ እንኳ አትፈቅዱም።"

"ውኃው ሲፈስ አይቼ ነው።"

"ምን ጠየቁሽ?"

"ባጃጁን ለምን ተወ አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ስልክ ይሻላል ብሎ ነው አልኩ።"

"ይሻላል እሱስ። ስልክ ወድቆ ሲሰበር ማንም አይደብቀውም።" ቱቦውን አነሳና መጠቅለል ጀመረ። "ለሰልማ ራሴ ልነግራት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እማ ሰማችና 'የጠባኸው ጡት ይፍረድብህ' አለችኝ። ከዚህ በኋላ በምን አፌ ልናገር?"

"እኔንም አስምላኛለች።"

"በይ እንግዲህ ተያይዘን ዝም እንበል" አለና ቱቦውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። የእናቱን በርሜል ሊሞላ።

ቀትር ላይ ረቢአ የሸምሱን ምሳ ይዛ ወጣች። ሸምሱ መንገዱ ዳር፣ የተነፋ የውስጥ ጎማ በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል።

"ወይዘሮ አማና መጣች" አለ ሳይዞር። ካርቶኑ ቤት ከገባ ጀምሮ ስሟ ይኸው ነው።

"ዛሬ አትቀልድብኝ፣ ሸምሱ።"

ቀና ብሎ አያት። "ምን ሆንሽ? እንግዶቹ ልጅቱን ጨዋማ ናት ብለው ተዉአት?"

ኢክላስ በስልክ ነግራዋለች ማለት ነው። ረቢአ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ሰው ምስጢር በአማና ሰጠህ እንበል። ሌላ ሰው ደግሞ በአማና ጠየቀህ። የጠየቀህ ያንኑ ምስጢር ነው። ምን ታደርጋለህ?"

"የማን ምስጢር ነው?"

"እሱን ብነግርህማ..."

"አትንገሪኝ!" አለ እጁን አንስቶ፤ ከእጁ ውኃ ይንጠባጠባል። "ለኔ አትንገሪኝ። እኔ ጋ የቆመ ሾፌር ሁሉ ወሬ አውርዶ ወሬ ጭኖ ነው የሚሄደው። ነገ ኮምቦልቻ ይሰማል።"

"እሺ ምን ይደረግ?"

ሸምሱ ጎማውን አዙሮ ነከረው። ከአንድ ጥግ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። "ይኸዋ" አለ ጣቱን ጫን አድርጎ። "ይሄ ቢሆን አውቅልሽ ነበር። ውኃ ውስጥ ስትከቺው ራሱ ይናገራል። ሰው ግን... ያ ሥልጠና ምንትሴ ላይ፣ ሁለት እሴት ሲጣላ ምን እንደሚደረግ አልነገሯችሁም?"

"ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።"

ሸምሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ተወውና ጎማውን በጨርቅ ማድረቅ ጀመረ። "እኔ የለጠፍኩት ጎማ ደሴ የማያደርስ ከሆነ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ" አለ። "ይቆጣል፣ ይሳደባል። ግን ለሱ ነው የምነግረው፣ ለተሳፋሪው አይደለም። ለተሳፋሪው ብነግርማ ሰውዬው ነገ ወንድሞቹን ይዞ ይመጣብኛል።"

"ባለቤቱ እያወቀ ቢጭንባቸውስ?"

ሸምሱ ማስቲሹን ቀብቶ ጎማው ላይ እፍ አለበት።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ረቢአ ስኳሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በሳህን ያዘች። በአጥሩ ቀዳዳ ማሳለፍ ትችል ነበር፤ ዛሬ ግን ዞራ በዋናው በር ገባች፤ እንደ እንግዳ።

ፋጡሜ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሾ ትለቅማለች። ለነጋዴ የምታስረክበው ነው፤ ጆንያው አጠገቧ ቆሟል። ቀና ብላ ሳህኑን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከሰንበቴ የመጣ ስኳር ነው። ግማሹ ያንቺ ነው።"

"ለምን? እኔን አልጠየቁኝ።"

ረቢአ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ከጎኗ ቁጭ አለች። ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ማሾ ወደ ራሷ ስባ መልቀም ጀመረች። እጆቻቸው እንደ ልማዳቸው አብረው ይሄዳሉ፤ ጠጠሩን አንዷ ካላየችው ሌላዋ ታየዋለች።

"በአጥሩ አየኋቸው" አለች ፋጡሜ። "ሲወጡ ፊታቸው የሰርግ ፊት አይደለም።"

"አልተናገርኩም፣ ፋጡሜ። ወላሂ አንዲት ቃል አልወጣኝም።"

"አንቺ አፍሽ ዝም ሲል ፊትሽ ነው የሚለፈልፈው።"

እውነት ነው። ረቢአ አንድ ጠጠር ለቀመች፤ ጠጠር አልነበረም፣ ጥሩ ፍሬ ነበር። መልሳ ጣለችው።

"ጁምዓ ይመለሳሉ" አለች። "ያኔ ባጃጁን ለምን ተወ ብለው ደግመው ከጠየቁኝ... አልችልም። ዛሬ አንዴ ቻልኩት፤ ከዚያ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። እንድናገር አታድርጊኝ። አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ ለልጁ መሐላውን አንሺለትና እሱ ይንገራት። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ እንዳልወደቀ እኔ ቁርኣን ይዤ እመሰክርለታለሁ። ደግነቱን ስመሰክር ብውል አይሰለቸኝም።"

ፋጡሜ እጇን አላቆመችም። "ከነገርናቸው ማን ይሰጠዋል?"

"በሽታ ነውር ነው እንዴ? አላህ ያመጣው ነው። ኪኒን እየዋጡ፣ አግብተው፣ ወልደው የሚኖሩ ስንት አሉ።" ረቢአ ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶባት የነበረው ነገር አሁን የተገኘ መሰላት። "የማያውቅ ነው የሚፈራው። ቀርቦ ያየው፣ ጠባዩን ያወቀ፣ ወላሂ ይሰጠዋል!"

ፋጡሜ ሰፌዱን አንዴ አንገዋለለችው። ማሾው ከዳር ዳር ተንሸራትቶ ጸጥ አለ። አንድ ጠጠር አነሳች፤ በጣቶቿ መሐል አዟዟረችው፤ ወደ አጥሩ ወረወረችው። ቆርቆሮው ቃ አለ።

"ኢክላስ ተመርቃ የለ?" አለች።